ጥያቄና መልስ፦ ጠርሙሱን ጭጋግ የሚያለብሰው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ፕሪፎርም (ተሞቆ በመነፋት ጠርሙስ የሚሆን ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ) እየገዛን የውሃ ጠርሙስ እንነፋለን። አንዳንዱ ጠርሙስ ወተት እንደነካው ነጣ ይላል። ሙቀቱን ብንቀንስ ጭራሽ ባሰበት። ፕላስቲኩ ያው ሆኖ ሳለ ለምን?

መልስ፦ ሙቀት ተቀንሶ ከባሰ፣ ንጣቱ ሁለት ዓይነት መሆኑን ጠርጥሩ። ጠርሙሱን ቆርጣችሁ ቁራጩን ወደ ብርሃን ያዙት። ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ ትከሻውና የታችኛው እምብርት አካባቢ፣ ደመና መስሎ ከታየ ፔቱ (የጠርሙሱ ፕላስቲክ) ከልክ በላይ ሞቆ ክሪስታል፣ ማለትም በሥርዓት የተሰለፈ ሞለኪውል፣ ሠርቷል። በውስጠኛው ገጽ እንደ ቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ካብለጨለጨ ግን በቅጡ ሳይሞቅ ተለጥጧል፤ ያ ጥቃቅን ስንጥቅ ነው። ሙቀት መቀነስ የፊተኛውን ያድናል፣ የኋለኛውን ያባብሳል።

ነገሩ ከሞለኪውሉ ይጀምራል። የፔት ሞለኪውል ረጅም ሰንሰለት ነው፤ በየመካከሉ ስድስት ካርቦን የያዘ ግትር ቀለበት አለው። ስለማይተጣጠፍ ከጎረቤቱ ጋር ለመሰለፍ ጊዜ ይፈጅበታል። ቀልጦ ቶሎ ከቀዘቀዘ ሳይሰለፍ እንደተዘበራረቀ ይደርቃል፤ የፕሪፎርሙ ጥርት ማለት ከዚህ የመጣ ነው። 75 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ሰንሰለቱ መላወስ ይጀምራል፣ ከ120 በላይ ደግሞ ሰልፉ ይፈጥንና ክሪስታሉ አድጎ ብርሃን ይበትናል። ሲነፋም ክሪስታል ይፈጠራል፣ ግን እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አይታይም፤ የጠርሙሱ ጥንካሬም በአብዛኛው የእሱ ነው።

ፕሪፎርሙ ሲነፋ ከ95 እስከ 110 ዲግሪ ባለው ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የውጭና የውስጥ ልዩነት ነው፦ የማሞቂያው አምፖል ውጩን ሲያቃጥል ውስጡ ገና ነው፤ ሁለቱም ንጣት በአንድ ጠርሙስ ላይ የሚገናኘው ያኔ ነው። የአምፖሉን ኃይል ቀንሱና ቆይታውን አስረዝሙ፣ ውጩን በአየር አቀዝቅዙ፣ ከመንፋት በፊትም ሙቀቱ ወደ ውስጥ እስኪዳረስ ጥቂት ሴኮንድ ስጡት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ አለዚያ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም። የሞልዱን (ጠርሙሱ የሚነፋበትን ቅርጽ ማውጫ) ማቀዝቀዣ ውሃም አትርሱ፦ በሚያዝያ ፀሐይ ከታንከር በቀጥታ የሚመጣው ለብ ያለ ነው፣ ወፍራሙን እምብርት ቶሎ አያቀዘቅዘውም። ቺለር (የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን) ካላችሁ 10 ዲግሪ አካባቢ አድርጉት።

ፕሪፎርሙ ገና ሳይሞቅ ነጭ ከሆነ ግን ለሻጩ መልሱለት፤ የእናንተ ማሽን አያስተካክለውም። ጥፋቱ ከፕሪፎርሙ አምራች ሊሆን ይችላል፦ ጥሬ ፔት ከመቅለጡ በፊት በ160 እና በ170 ዲግሪ መካከል ከ4 እስከ 6 ሰዓት ካልደረቀ፣ የቀረው እርጥበት 280 ዲግሪ ገደማ ላይ ሰንሰለቱን ይበጣጥሰዋል። አጭር ሰንሰለት ደግሞ ቶሎ ይሰለፋል።

ጥያቄ፦ ጀሪካን ታዲያ ለምን እንደ ሃይላንድ ጥርት አይልም?

መልስ፦ ጀሪካን ፖሊኢትሊን ነው፤ ሰንሰለቱ ቀጥ ያለና ቅርንጫፍ የሌለው ስለሆነ ምንም ያህል ቢቸኩሉ ከማቀዝቀዣው ቀድሞ ይሰለፋል። ኮሽ ኮሽ የሚለው ፌስታልም ከዚሁ ነው። ለስላሳው ፌስታል ቅርንጫፍ የበዛበት ፖሊኢትሊን በመሆኑ በደንብ አይደረደርም፣ 110 ዲግሪ ገደማ ላይም ይቀልጣል። የጀሪካኑ ክሪስታል እስከ 130 ይቆያል። ባሕር ዳር ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሃይላንድ ውስጥ ሲጨመር የተለጠጠው ሰንሰለት ተሰብስቦ ጠርሙሱን ያጨማድደዋል፣ ጀሪካኑ ግን ቢለሰልስም ቅርጹን አይለቅም።