ባለቤቴ በ17 ዓመት ይበልጠኛል፤ «ሁለተኛው ልጅ አሁኑኑ» ይላል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሰበታ ነው። እኔ 25 ዓመቴ ነው፣ ባለቤቴ 42። ልጃችን 10 ወሯ ነው፣ ገና ትጠባለች። እሱ «እያረጀሁ ነው፣ ሁለተኛው ቶሎ ይምጣ» ይላል። እኔ ገና አላገገምኩም። አንዷ ጎረቤቴ «የወሊድ መከላከያ መርፌ ተወጊ፣ አያውቅብሽም» አለችኝ። ሌላዋ «ያመክናል» ትላለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከወለዱ በኋላ ቢያንስ 24 ወር ቆይቶ ማርገዝን ነው። ቶሎ ከተደራረበ ሕፃኑ ያለ ጊዜው የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል፣ የእናትም ደም አይተካም። ልጅዎ 10 ወር ሞልቷታል። የቀረው 14 ወር ነው። ባለቤትዎ ያኔ ቢበዛ 44 ቢሆናቸው ነው። የወንድ የማስረገዝ አቅም ከ40 በኋላ ቀስ እያለ ይደክማል፣ እውነት ነው፤ በ14 ወር ግን ይሄን ያህል የሚለወጥ ነገር የለም። እኛ ሐኪሞች ይበልጥ የምንቆጥረው የሴቷን ዕድሜ ነው፣ በተለይ ከ35 በኋላ ያለውን። እርስዎ ደግሞ 35 ለመድረስ ገና 10 ዓመት ይቀርዎታል።

መርፌው አያመክንም። ወሬው ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። የሦስት ወሩ መርፌ ካቆሙት በኋላ እርግዝና ያዘገያል፤ ከመጨረሻው መርፌ በአማካይ 10 ወር ገደማ። ለእርስዎ ቤት ይሄ አይመችም። ቢዘገይ «ይኸው፣ ብዬሽ ነበር» መባሉ አይቀርም። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ይሻልዎታል። ቢያንስ 3 ዓመት ይሠራል፣ በፈለጉ ቀን ይወጣል፣ እርግዝናም ቶሎ ይመለሳል። ጡት ለምታጠባም ይሆናል። የወር አበባ ሊያዛባ ይችላል፣ አይደንግጡ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። «እያጠባሁ ነው» ብለው ግን እንዳይዘናጉ፤ ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ልጅ እስከ 6 ወሯ፣ ጡት ብቻ እየጠባች፣ የወር አበባም ካልመጣ ነው።

የባል ፊርማ የሚጠይቅዎት የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 መብትዎን አስቀምጧል። ሆኖም ዕድሜ የተራራቁ ባልና ሚስት ሲመጡ ብዙ ጊዜ የማየው አንድ ነገር አለ፤ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትሰማለች። ባሏን «አንተ» ማለት የሚከብዳትም አጋጥማኛለች። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ይዘዋቸው ይሂዱ፣ ሂሳቡን ነርሷ ትንገራቸው። ከሚስት አፍ ሲወጣ ክርክር የሆነው ነገር ከነጭ ጋውን ሲመጣ ምክር ይሆናል። ያስቃል፣ ግን እንደዚያ ነው።

ሲቆጡ እጃቸውን የሚያነሱ ከሆነ ግን ይሄን ምክሬን ይተዉት። ብቻዎን ይሂዱ፣ ለነርሷም ሳይደብቁ ይንገሯት። ያኔ መርፌው ይሻል ይሆናል፤ የተቀበረው ክንድ ሲነካ ይዳሰሳልና።