ከሱቁ የሚመጣው 10 በመቶ የማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቤት ውስጥ ዲዛይን ሥነ ምግባር

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ የቤት ውስጥ ዲዛይን እሠራለሁ። አንድ የሴራሚክ ነጋዴ ደንበኛ ባመጣሁለት ቁጥር 10 በመቶ ይሰጠኛል። ደንበኞቼ ይህን አያውቁም፤ ግን ዋጋው ለእነሱ ያው ስለሆነ ማንንም አልጎዳሁም ባይ ነኝ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ይሄ ሌብነት ነው» ትለኛለች። ማናችን ነን ልክ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ አነጋገሯ ይከብዳል እንጂ ልክ እሷ ናት። «ዋጋው ያው ነው» የሚለው ክርክር አያስኬድም። ነጋዴው 10 በመቶውን ከራሱ ትርፍ ላይ ቆርሶ አይሰጥዎትም፤ ደንበኛው ራሱ ገብቶ ቢከራከር ሊቀነስለት ይችል የነበረውን ነው ለእርስዎ የሚያሳልፈው።

ከብሩ በላይ የሚጎዳው ግን ምርጫው ነው። ኮሚሽኑ በመቶኛ እስከሆነ ድረስ ውድ ዕቃና ብዙ ካርቶን ለእርስዎ ይጠቅማል። 5.40 በ4.20 ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ፤ ስፋቱ 22.68 ካሬ ነው። አራት ባለ 60 በ60 ሴራሚክ የሚይዝ ካርቶን 1.44 ካሬ ይሸፍናል። ለቆረጣና ለስብራት 7 በመቶ ሲጨመር 24.27 ካሬ ይመጣል፤ 17 ካርቶን ይበቃል። ሰያፍ ከተነጠፈ ቆረጣው ስለሚበዛ 15 በመቶ ይታሰባል፤ ያኔም 19 ካርቶን ነው። ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚለጠፈው) ከዚያው ሴራሚክ የሚቆረጥ ከሆነ ለብቻው ይደመራል። አንድ ካርቶን ለወደፊት ጥገና ማስቀመጥም ተገቢ ነው፤ በሌላ ጊዜ የተመረተው ቀለሙ ላይገጥም ይችላል። ከዚህ ውጭ 22 ካርቶን ያዘዘ ዲዛይነር ኮሚሽን እንደሚቀበል የታወቀ ዕለት፣ ስሌቱን ቢሳሳት እንኳ ማንም ስህተት ነው ብሎ አያምነውም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስለ ውክልና ሲደነግግ፣ ተወካይ ወካዩ ሳያውቅ ከሚያከናውነው ሥራ ለራሱ ጥቅም ማግኘት አይችልም ይላል። በደንበኛ ስም ዕቃ ሲገዙ ያሉት እዚያ ቦታ ላይ ነው።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ቅናሹን በሙሉ ለደንበኛው ማሳለፍና የዲዛይን ዋጋን በግልጽ መጠየቅ ነው፤ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። ሁለተኛው ኮሚሽኑን መቀበል፣ ነገር ግን ከግዢው በፊት በውሉ ውስጥ ማስፈር ነው፦ «ከአቅራቢዎች የማገኘው ማንኛውም ኮሚሽን ለአሠሪው በጽሑፍ ይገለጻል፤ ከዲዛይን ክፍያውም ላይ ይቀነሳል።» በሁለቱም መንገድ ደረሰኙ በደንበኛው ስም ይቆረጥ፣ ክፍያውም ከደንበኛው በቀጥታ ወደ ሱቁ ሒሳብ ይግባ። ነጋዴውን «ደረሰኙ ላይ ትንሽ ጨምርበት» ማለት ግን ከሥነ ምግባር ጥያቄ አልፎ ወንጀል ነው።

ብዙዎች ወደ ኮሚሽን የሚገቡበት ምክንያት አይጠፋንም። ደንበኛው ለስዕል መክፈል ስለሚያቅማማ የዲዛይኑ ዋጋ ዕቃው ውስጥ ይደበቃል። ተደብቆ በቆየ ቁጥር ደግሞ ስዕል በነጻ የሚሠራ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ አንድ የቆየ የሐረሪ ቤት ወደ እንግዳ ማረፊያ እንድቀይር ተቀጥሬያለሁ። ባለቤቱ ነደባዎቹ (ከቤቱ ጋር አብረው የተሠሩት የመቀመጫ መደቦች) ፈርሰው ሶፋ እንዲገባ፣ ግድግዳውም በሲሚንቶ እንዲለሰን ይፈልጋሉ። «ቤቱ የኔ፣ ገንዘቡ የኔ» ይሉኛል። ትእዛዙን ብፈጽም ጥፋቱ የማን ነው? (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ የሁለታችሁም ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገና ሥራ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ስለዚህ መለኪያ ሜትሩን ከመዘርጋትዎ በፊት ባለቤቱን ይዘው ወደ ክልሉ ቅርስ ቢሮና ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሂዱ። ፈቃድ በሌለው ሥራ ላይ ስዕል ማስረከብ «እኔ የታዘዝኩትን ነው» በማለት አይታለፍም።

ባለቤቱን በአዋጅ ብቻ ለማሳመን አይሞክሩ፤ በቤቱ ጤንነት ይጀምሩ። የድሮው ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው፣ የሚቀባውም ኖራ። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በኖራው በኩል ተንፍሶ ይወጣል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት መውጫ ያጣና ወደ ላይ ይሳባል፤ ቀለሙ ያብጣል፣ ነጭ ጨው ይወጣል፣ ልስኑ በሰፊው ይላቀቃል፣ ግድግዳው ውስጥ የገባው የእንጨት ጫፍም ይበሰብሳል። ከዚህ በፊት ሲሚንቶ የተለሰነ ክፍል ካለ ጣትዎን አጥፈው መታ መታ ያድርጉት። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ልስኑ ከግድግዳው ለቋል፤ ባለቤቱም አብረው ይስሙት። በምትኩ በመጠን 1 ኖራ ለ3 አሸዋ ተቦክቶ በስስ ድርብ ይለሰን፤ የታችኛው ሳይጠነክር የላይኛው አይደረብ፣ ፀሐይም ቶሎ እንዳያደርቀው ውሃ እየተረጨ ይቆይ።

ነደባውን በተመለከተ ለባለቤቱ ስለ ገበያው ይንገሯቸው። ከአምስቱ ነደባዎች አሚር ነደባ ለቤቱ ጌታና ለክብር እንግዳ የተለየ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የቤቱ ቅርጽ ራሱ ይናገራል። እንግዳ ጀጎል ድረስ መጥቶ የሚያድረው ይህን ለማየት ነው፤ ሶፋማ በየሆቴሉ አለ። ቀዩ ነደባ ላይ የሚነሳ ፍራሽና ትራስ ይደረግበት፤ የኤሌክትሪክ መስመር ግድግዳ ሳይቦረቦር በላዩ በቱቦ ይሂድ፤ መታጠቢያና ሽንት ቤት ከአሮጌው ግድግዳ ተነጥሎ በግቢው በኩል ይሠራ። ወደፊት ማንም ቢፈልግ ሁሉንም አንስቶ ቤቱን እንደነበረ ማግኘት አለበት።

ሁለቱን አማራጭ ከነወጪያቸው በጽሑፍ ያቅርቡ። ባለቤቱ ያለ ፈቃድ እናፍርስ ካሉ ከሥራው መውጣትዎን በደብዳቤ ያሳውቁ፣ ላልሠሩት የተቀበሉትን ይመልሱ።

ጥያቄ፦ ከዚራ ያለ የድሮ ቤት ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። የቤቱ እመቤት ደረጃ ደረጃ ያለው ጂፕሰም ኮርኒስ ይፈልጋሉ። በድሬ ሙቀት ልክ አይመስለኝም፤ ግን ደንበኛ ንጉሥ ነው ይባላል። (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ደንበኛ የሚወስነው ካወቀ በኋላ ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍታውና ከግድግዳው በላይ ያለው የአየር መውጫ የተሠሩት ለዚያ ነው። ኮርኒሱ መውጫውን ከደፈነው ሙቀቱ ወደ ሰዉ ይወርዳል። በሌላ በኩል ቤቱ ቀን ከሌት ኤሲ የሚሠራበት ከሆነ፣ ዝቅ ያለ ኮርኒስ የሚቀዘቅዘውን አየር ስለሚቀንስ ይጠቅማል። ሁለቱንም ይንገሯቸው። ጂፕሰሙን ራስዎ የሚያሠሩት ከሆነ፣ ከእሱ የሚያተርፉ መሆንዎንም አብረው ይናገሩ። መካከለኛ መንገድም አለ፤ ዙሪያውን ብቻ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ለኤልኢዲ መብራት መደበቂያ መሥራት፣ መሀሉንና የአየር መውጫውን ክፍት መተው። መደበቂያው አቧራ እንደሚሰበስብና ማን በምን እንደሚያጸዳው አስቀድሞ ይነገር።

ጥያቄ፦ የሠራሁትን ቤት ፎቶ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ለመልቀቅ ፈቃድ ያስፈልገኛል? (ከሐረር)

መልስ፦ ያስፈልጋል። ዲዛይኑ የእርስዎ ቢሆንም ገመናው የእነሱ ነው። ፈቃዱን በውሉ ላይ፣ የትኛው ክፍል እንደሚታይ ጠቅሰው ያጽፉ። የበር ቁልፍ፣ ካዝና፣ የልጆች ፎቶ፣ ሰፈሩን የሚጠቁም የመስኮት እይታ አይግባ። በሐረሪ ቤት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት የቤቱ ሴቶች እጅ ሥራ ነው፤ እነሱንም ሳይጠይቁ አያንሱት፣ «የእኛ ዲኮር» ብለውም አይጻፉበት።

ጥያቄ፦ ደንበኛዬ 20,000 ብር ሰጥቶኝ የወለል ፕላንና የቀለም ምርጫ ካቀረብኩለት በኋላ «ሥራው ቀርቷል፣ ብሬን መልስ» አለኝ። ልመልስ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ መጀመሪያ የፈረማችሁትን ወረቀት ይመልከቱ። «ቀብድ» ከተባለና ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ሰጪው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ሲተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሥራውን የተዉት እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ 40,000 ብር ይከፍሉ ነበር ማለት ነው። «ቅድሚያ ክፍያ» ከተባለ ሒሳቡ በተሠራው ልክ ይታሰባል።

ሕጉ ሁሉንም ቢፈቅድልዎት እንኳ፣ ለምሳሌ የ8,000 ብር ሥራ ሠርቶ 20,000 ማስቀረት በእንደ ድሬ ዓይነት ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ውድ ትርፍ ነው። ለሚቀጥለው ውል ክፍያውን በደረጃ ይከፋፍሉት፦ 30 በመቶ ለልኬትና ለመነሻ ሐሳብ፣ 40 በመቶ ለዝርዝር ስዕልና ለዕቃ ዝርዝር፣ ቀሪው 30 በመቶ ሥራው ቦታው ላይ ተፈትሾ ሲያልቅ። ማሻሻያ ስንት ጊዜ በነጻ እንደሚሠራም ይጻፍ፤ ሁለት ጊዜ ይበቃል። ለአሁኑ ደንበኛዎ ደግሞ የሠሩትን በዝርዝር ዋጋ አውጥተው ቀሪውን ይመልሱለት፣ ፕላኑንም በወረቀትና በፒዲኤፍ ያስረክቡት፤ የከፈለበት ነው።