ማንኪያውን ገልብጡት፣ ግን ለማህተሙ አትቸኩሉ

ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ?

ይሄን የምጽፈው አሮጌ ብር መግዛትና መሸጥ ለጀመራችሁ፣ ወይም ከአያት ሳጥን የወጣ ዕቃ ይዛችሁ «ምን ይሆን?» ለምትሉ ነው። ደሴ ላይ አንጥረኛ ቤት ነው ያደግሁት። ዕድሜዬን የፈጀሁትም ብር ሳገላብጥ ነው። አሁን ደግሞ ስልኬ እረፍት የለውም። አንዱ ከኮምቦልቻ የማንኪያ ፎቶ ይልካል፣ አንዷ ከሐይቅ የስኳር ዕቃ፣ ሌላው ባቲ የሰኞ ገበያ መሃል ቆሞ «ጋሼ ቶሎ በሉኝ፣ ሰውዬው ሊሄድብኝ ነው» ይለኛል። ፎቶው ሁሉ አንድ ነው። ማህተሙ፣ ዕቃው ላይ የተመታችው ትንሽ ምልክት፣ ብቻ ጎልቶ ተነስቷል። ዕቃው ራሱ የለም።

እኔ ደግሞ ማየት የምፈልገው ዕቃውን ነው። መጀመሪያ ብረቱ ይታያል፣ ቀጥሎ አሠራሩ፣ ማህተሙ ምን አለ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄን ቅደም ተከተል ያዛባ ነጋዴ ተበልቷል።

ለምን መሰላችሁ? አንደኛ ነገር፣ የእኛ አገር ብር አብዛኛው ማህተም የለውም። አልቦው፣ ድሪው፣ ጉትቻው፣ ወለባው፣ የክታብ ማኅደሩ፣ ሴቶቹ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የኩክ ማውጫ፣ የወሎ አንጥረኛ ሠርቶ ስሙን አልጻፈበትም። ስሙ እጁ ነው። የኩክ ማውጫዋን ብትገለብጧት ማህተም ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ይልቅ ጫፏ ላይ ያለችውን ትንሽ ማንኪያ እዩ። ተቀጥቅጣ ነው የወጣችው ወይስ በቅርጽ ፈስሳ? የተቀጠቀጠች ከሆነች አጉሊ መነጽር ስታስጠጉ የመዶሻና የሞረድ መስመር ይታያል፣ መስመሩም አንድ ወጥ አይደለም። የፈሰሰች ከሆነች ገጿ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አለ፣ የጌጡም ጠርዝ ደነዝ ያለ ነው። ከዚያ ማንጠልጠያዋን እዩ። ለዓመታት የተንጠለጠለችውን ክሩ በልቷታል፣ ቀለበቷ በላይ በኩል ስስ ትሆናለች። ትናንት ተሠርታ በጭስ የጠቆረችው ግን ቀለበቷ ዙሪያውን እኩል ወፍራም ነው። ሰው ቀለሙን ማስረጀት ይችላል፣ እንዲህ ያለውን መበላት ማስመሰል ግን ጊዜ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ አብዛኛው አይለፋበትም።

ብዙው ጌጣችን የወጣው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ካለበት የድሮ ገንዘብ፣ ከጠገራ ብር ነው። ጠገራው 28 ግራም ከትንሽ ነው የሚመዝነው፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር፣ አንዱ እጅ መዳብ ነው። ፈረንጆቹ 833 ይሉታል፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ማለት ነው። እንግዲህ ጠገራ ቀልጦ የተሠራ አልቦ ሲፈተን 925፣ ማለትም ከሺህ እጅ 925ቱ ብር፣ ሊመጣ አይችልም። ገዢው «925 አይደለም፣ ፎርጅድ ነው» ብሎ ዋጋ ሊሰብርባችሁ ሲሞክር አብሽሩ፣ አትደንግጡ። 833 የመጣ የወሎ ጌጥ ምንም ያልተቀላቀለበት ጨዋ ዕቃ ነው። አንጥረኛው መዳብ ወይ ናስ ጨምሮበት ከሆነ ከዚያም ይወርዳል፣ ያኔ ነው መከራከር።

ጠገራው ራሱ ለማህተም ንባብ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመት፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ የፈረንጅ ነው።) ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከሞተች በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ነው የወጣው። ቪየና ተመቷል፣ በ1930ዎቹ ሮም ላይ ተመቷል፣ ለንደንና ፓሪስ፣ ቦምቤይም ሳይቀር። ስለዚህ «ይሄ ጠገራ ከ1780 ጀምሮ ያለ ነው» ብሎ የሚምል ሰው ዓመቱን አንብቧል እንጂ ጠገራውን አላየም። አባቶቻችን ግን ያዩ ነበር። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ ይቆጥሩ ነበር፣ ዘጠኝ ካልሞላ አይቀበሉም። ከምስሉ ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች አሉ፣ እነሱንም ይፈልጉ ነበር። እናንተ ጠርዙን ጨምሩበት። ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍና ሐረግ አለው፤ በቅርጽ የሚያፈስ አስመሳይ የሚጋለጠው እዚያ ጋ ነው፣ ወይ ጽሑፉ ይሟሟል ወይ የሁለቱ ቅርጽ መገጣጠሚያ መስመር ይቀራል። የምኒልክ ብርም ይገኛል። ፓሪስ የታተመ ነው፣ ጥራቱ 835፣ ከጠገራው ጋር ለጥቂት ነው የሚለያየው።

አሁን ወደ ማንኪያው።

የውጭ ማንኪያ፣ ትሪ፣ የሻይ ማፍያ ሲመጣላችሁ ጀርባው ላይ አራት ትንንሽ ጋሻ የሚመስሉ ማህተሞች ተደርድረው ታያላችሁ። ልብ ይመታል። «አራት ማህተም ያለው የእንግሊዝ ብር!» ቀስ በሉ። አጉልታችሁ አንድ በአንድ አንብቧቸው። ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ ከሆኑ ብር አይደለም። በኤሌክትሪክ ብር የተቀባ ኒኬል ነው፤ ሥሩ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ፋብሪካዎቹ እያንዳንዷን ፊደል በየጋሻዋ ያስቀመጡት እውነተኛውን የብር ማህተም እንድትመስል ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። በኤን ኤስ ፋንታ ቢ ኤም ከሆነ ሥሩ ቆርቆሮ የበዛበት ለስላሳ ብረት ነው። ኤ 1 የሚል ካያችሁ የቅቡን ደረጃ ነው የሚናገረው። በኤሌክትሪክ መቀባትን ገበያ ያስገባው በ1840 የባለቤትነት መብቱን የያዘው ኤልኪንግተን የሚባለው የበርሚንግሃም ድርጅት ነው፤ ስለዚህ እነዚህ ፊደላት ያሉበትን ዕቃ «ሦስት መቶ ዓመቱ ነው» የሚላችሁ ሰው ቢያንስ ሒሳብ አይችልም።

እውነተኛው የእንግሊዝ ብር ላይ አንበሳ አለ። በጎኑ የሚራመድ፣ አንድ የፊት እግሩን ያነሳ አንበሳ፤ 925 ማለት ነው። ከአጠገቡ የከተማው ምልክት ይኖራል። መልሕቅ በርሚንግሃም ነው፣ የነብር ፊት ለንደን፣ ዘውድ ደግሞ እስከ 1974 ሼፊልድ። የሠሪው የስም መጀመሪያ ፊደላትም አሉ። አንዲት ብቻዋን የቆመች ፊደል ደግሞ ዓመቱን ትናገራለች። ይቺ ፊደል ናት ወጣቱን የምታሳስተው፤ ኢንተርኔት ላይ የሆነ ሠንጠረዥ አግኝቶ «ኬ ማለት እንትን ዓመት» ብሎ ይዘጋዋል። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ዙር አለው፣ ዙሩ ሲያልቅ የፊደሉ አጻጻፍና የጋሻው ቅርጽ ይቀየራል፣ ፊደሉ ግን ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ ከተማውን ለዩ፣ ከዚያ ፊደሉን ከነጋሻው አመሳስሉ። የንጉሥ ወይም የንግሥት ጭንቅላት ከተጨመረበት አብዛኛውን ጊዜ የቀረጥ ማህተም ነው፤ ከ1784 እስከ 1890 ይመታ የነበረው፣ ዕድሜውን ለማጥበብ ይረዳችኋል።

የፈረንሳይ ዕቃ ላይ ከፊደሉ በፊት የማህተሙን ቅርጽ እዩ። የሠሪው ማህተም እንደ አልማዝ በማዕዘኑ የቆመ ከሆነ ድፍን ብር ነው፣ አራት ማዕዘን ከሆነ ቅብ ነው። በቃ። ይቺን ብቻ ይዛችሁ ብትገቡ ብዙ ገንዘብ ይተርፋችኋል።

ቁጥር ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። 800 እና 925 የጥራት ቁጥሮች ናቸው። የጀርመኑ 800 ከ1888 ወዲህ ከጨረቃና ከዘውድ ጋር ይመጣል። የሩሲያው 84 ትንሽ ይመስላል እንጂ የእነሱ ሙሉው 96 ስለሆነ 875 ማለት ነው፣ ንቃችሁ እንዳትጥሉት። የጀርመን ማንኪያ ላይ ያለው 90 ግን ጥራት አይደለም! በአንድ ደርዘን ማንኪያና በአንድ ደርዘን ሹካ ላይ በድምሩ 90 ግራም ብር ተቀብቷል ማለት ነው። «90 ፐርሰንት ብር» ተብሎ ሲሸጥ ስንቴ ሰማሁ። አልፓካ የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ደግሞ ያው ከላይ ያልነው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ድብልቅ ነው፣ ላዩ ቢቀባም ሥሩ ብር አይደለም።

እዚህ እኛ ጋ ሁሉም ማንኪያ «ከጣሊያን ጊዜ የቀረ» ነው። አንዳንዱ እውነት ነው፣ ጣሊያን ደሴ ላይ ከ1936 እስከ 1941 ነበረ። ግን የጣሊያን ብር ላይ አንዲት ኮከብ፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ ቀጥሎ የአውራጃ ሁለት ፊደል ከተመታ ያ ማህተም በ1968 ሕግ የመጣ ነው። ጣሊያን ከደሴ ከወጣ በኋላ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ከሻጩ ጋር አትጨቃጨቁ፣ ዋጋውን ብቻ አስተካክሉ።

ማህተሙ ጠፍቶ ወይም ተልጦ ከሆነስ? ማንኪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና የሚነካበትን ቦታ፣ የሆዱን ሥር፣ እዩ። የሹካውን ጫፍ እዩ። ቅብ መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ነው፤ ቢጫ ወይም ቀይ ብረት ብቅ ይላል። ማግኔት ብዙ አይጠቅማችሁም፣ ብርንም አይስብ፣ ናስንም አይስብ፣ የሚዝገውን ተራ ብረት ብቻ ነው የሚያጋልጠው። አሲድ ደግሞ ቅቡን ካልሞረዳችሁት የሚፈትነው ቅቡን ነው፣ ከሞረዳችሁት ዕቃውን አበላሻችሁት። እኔ የምወደው ውሃውን ነው። የመቶኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን ላይ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ዕቃውን በስስ ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡት፣ ሥሩንም ጎኑንም አይንካ። ሚዛኑ የሚያነበውን ጻፉ። የደረቅ ክብደቱን ለዚያ ቁጥር አካፍሉት። ጠገራ 10.2 አካባቢ ይመጣል፣ 925 ብር ከ10.3 ትንሽ ይበልጣል፣ ኒኬሉ ግን 8.7 አካባቢ ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ሰም የተሞላ ወይም ድንጋይ ያለበት ዕቃ ላይ አይሠራም።

ሌላው የሚያናድደኝ ነገር መፈግፈግ ነው። ዕቃው ጥቁር ሲሆን አንዳንዱ በአመድና በሎሚ፣ አሁን አሁን ደግሞ በጥርስ ሳሙና ያንገበግበዋል። ጥቁሩ ከአየር የመጣ ድኝ ብሩን ነክቶት ነው፣ ገጹ ላይ ያለ ስስ ነገር። እናንተ ፈግፍጋችሁ የምታነሱት ግን ከጥቁሩ ጋር የማህተሙን ጠርዝ ነው፣ ቅብ ከሆነም ቅቡን። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። ያልጠራው ይቅር። ገዢ የሚያውቅ ከሆነ ጥቁሩን ነው የሚወደው፣ የማያውቅ ከሆነ ለምን ለእሱ ብላችሁ ዕቃ ታበላሻላችሁ? ማቅለጥማ አይነሳ። ሚዛን ላይ በግራም የሚሸጠው አልቦ አንዴ ከቀለጠ ያ አንጥረኛ አብሮ ቀለጠ፤ የእሱን እጅ የሚያሳይ ሌላ ዕቃ ላይገኝ ይችላል።

የቤተ ክርስቲያን ነገር ሲመጣ ግን ምንም ንባብ የለም። መስቀል፣ ጽና፣ ጸናጽል፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ «ከአያቴ ነው» ቢባልም አትንኩት። ላስታ ላይ የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 ተሰርቆ ቤልጅየም ድረስ ሄዶ ነበር፣ የተመለሰው በ2001 ነው።  ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 አለላችሁ። ጌጥም ቢሆን ለውጭ አገር ሰው ከመሸጣችሁ በፊት የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። መስቀል ይዞ ሱቃችሁ የመጣ ሰው ካለ ደግሞ ዋጋ አትጥሩለት፣ ፎቶም አታንሱለት፤ «ለደብሩ አስተዳዳሪ አሳያቸው» በሉትና ሸኙት።