ሐዋሳ ግቢህ የመጣችው ቢጫ ወፍ

ወንድሜ፣ ከኅዳር ጀምሮ ግቢህ ውስጥ ስለምታያት ሆዷ ቢጫ ወፍ ለጠየቅከው፣ እንደ አገላለጽህ በእንግሊዝኛ የሎ ዋግቴይል (Yellow Wagtail) የሚሏት ወፍ ናት። ጭራዋን እይ። መሬት ላይ ፈጠን ፈጠን እያለች ትራመዳለች እንጂ እንደ ድንቢጥ አትዘልም፣ ቆም ባለች ቁጥር ደግሞ ረጅሙን ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች ትወዘውዛለች። ሐይቁ ዳር ሣሩ ላይ ከብት ሥር ሥር የምትለው እሷው ናት፣ ከብቱ ሲረግጥ ብድግ የሚሉትን ነፍሳት ነው የምትለቅመው። ያስቀመጥክላትን ማሽላ ያልነካችው ለዚህ ነው! ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽታ የመጣች እንግዳ ስለሆነች ሚያዝያ አካባቢ ትመለሳለች።

ጎጆ የምትሠራዋ ቢጫ ወፍ ሌላ ናት። የእሷ ምንቃር ጥሬ የሚሰብር ወፍራም ነው፣ የዋግቴይል ግን ቀጭን።

ጉንጩ ላይ ቀይ ነጥብ ያለው ትንሽዬ ሰማያዊ ወፍ ያልከው እንግዳ አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ቀዩ ያለው ወንዱ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አብራው የምትመጣዋ ጉንጯ ያልቀላው ሴቷ ናት።

ለዋግቴይሏ በዝርግ ሳህን ውሃ አስቀምጥላት። የተባይ መድኃኒት ግን እባክህ ግቢው ውስጥ አትርጭ፣ ምግቧን ነው የምታጠፋባት።