መልስ፦ «ሂሳብ ይችላል፣ ለመልበስ ግን ለምን ይቸገራል?»

«ኦቲዝም ያለበት ልጄ ሂሳብ ላይ ጎበዝ ነው፤ ጠዋት ተዘጋጅ ስለው ግን አንድ ካልሲ ይዞ ይቀራል፣ ስንፍና ነው ወይ?» ብለሻል።

ስንፍና አይደለም እህቴ። ማወቅ ሌላ፣ ያወቁትን መጀመር ሌላ ነው። ማቀድ፣ ትእዛዝን በሐሳብ ይዞ መቆየት፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መሻገር ኦቲዝም ያለባቸውን ብዙዎችን ያስቸግራቸዋል። ከሰው ሰው ይለያያል እንጂ። ይህን መሻገር የሚለካ ካርድ የማስደርደር ፈተና አለ። በቀለም ሲደረድሩ ቆይተው ሕጉ ሳይነገራቸው ወደ ቅርጽ ይቀየራል። አንዳንዱ በድሮው ሕግ ሙጭጭ ይላል።

ደግሞ «ተዘጋጅ» ላንቺ አንድ ቃል ነው፤ ለሱ አሥር ሥራ። ቆራርጠሽ ስጪው፦ መጀመሪያ ካልሲ፣ ከዚያ ጫማ። ቅደም ተከተሉን በሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፊለት፤ የተናገርሽው ቢጠፋው ሥዕሉን ያያል። ከጨዋታው ልታስነሺው ስትይም ትንሽ ቀደም ብለሽ ንገሪው።