የጥንት ግሪኮችን አምልኮ ለምታጠኑ ልጆቼ

የተወደዳችሁ ልጆቼ፤

ታሪክ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ስለ ጥንት ግሪኮች ከተማሪዎቼ ዘወትር የሚቀርብልኝ ጥያቄ «በእርግጥ ያን ሁሉ ተረት ያምኑት ነበር?» የሚል ነበር። ጥያቄው ከቅንነት የመጣ ቢሆንም፣ ሃይማኖት ማለት የተጻፈውን ተቀብሎ ማመን ነው ከሚለው ከራሳችን ልማድ ስለሚነሣ ከደጅ ያስቀራችኋል። ግሪኮች ቅዱስ መጽሐፍም ጸሎተ ሃይማኖትም አልነበራቸውም። ስለዚህ ምን ያምኑ ነበር ከማለታችሁ በፊት ምን ያደርጉ ነበር ብላችሁ ጠይቁ።

እስቲ ወደ መሠዊያው ቅረቡ። የሚገኘው በቤተ መቅደሱ ውስጥ ሳይሆን ከደጅ፣ ከሰማይ በታች ነው፤ ውስጡ የአምላኩ ምስል ማደሪያ ነውና። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 የድያ፣ ማለትም የአማልክቱ አለቃ የዜኡስ፣ ካህን በልስጥራን ከተማ ከኮርማዎቹ ጋር የአበባ አክሊል ይዞ የመጣው በዚሁ ሥርዓት ነው። ውኃ ይረጫል፤ የገብስ ፍሬ ይበተናል፤ ከብቱ ከታረደ በኋላ የጭኑ አጥንት በሞራ ተጠቅልሎ ይቃጠላል። ጢሱ ወደ አማልክቱ ይወጣል፤ ሥጋውን ግን ሕዝቡ ይካፈለዋል። የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ሄሲዮድ የዚህን አከፋፈል ምክንያት ሲናገር፣ ከአማልክት ወገን የሆነው ብልጡ ፕሮሜቴዎስ ዜኡስን ለማታለል አጥንቱን በሚያምር ሞራ ሸፍኖ እንዳቀረበለት ይተርካል።

ይህን ድርሻ የሚቀበሉት አማልክት ዓለምን የፈጠሩ አይደሉም፤ እነርሱም ተወልደዋል፣ ይቀናሉ፣ ይጣላሉ። ከሰው የሚለያቸው ዋናው ነገር አለመሞታቸውና ኃይላቸው ሲሆን፣ ከሰው የሚሹት ደግሞ ክብር ነው። ስለ ትሮይ ጦርነት በሚተርከው በሆሜር ቅኔ በኢሊያድ መጀመሪያ ላይ፣ ልጁ በግሪኮች የተማረከችበት ካህን ክሪሴስ ወደ አምላኩ ወደ አፖሎ ሲጸልይ፣ መቅደሱን የከደነለትንና የሰባ ጭን ያቃጠለለትን ዘመን ያስታውሰዋል፤ አፖሎም በግሪኮች ሰፈር ላይ 9 ቀን ሙሉ የመቅሠፍት ፍላጻ ያወርዳል። በወጣትነቴ ይህን ጉቦ ነው ብዬ አስተምሬአለሁ፤ ተሳስቼ ነበር። ለእኛ የሚቀርበው ቃል ውለታ ነው፤ ዛሬ አንዱ ይሰጣል፣ ነገ ሌላው ይመልሳል፣ ዝምድናውም አይቋረጥም። በ399 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሞት የተፈረደበት ሶቅራጥስ እንኳ፣ ፕላቶን እንደጻፈው፣ በመጨረሻ ቃሉ ያሳሰበው ለፈዋሹ አምላክ ለአስክሌፒዮስ የሚከፈል የዶሮ ዕዳ እንዳይረሳ ነበር።

የሌላውን ሕዝብ አምላክም ሐሰተኛ ነው ብለው አይጥሉትም ነበር፤ ብዙ ጊዜ የራሳቸውን አምላክ በሌላ ስም ያገኙት ይመስላቸው ነበር። አክሱም ስትሄዱ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው ድንጋይ ፊት ጊዜ ወስዳችሁ ቁሙ። በግዕዙ የአክሱማውያን የጦርነት አምላክ የማሕረም ልጅ ተብሎ የተጠራው ንጉሥ፣ በዚያው ድንጋይ ላይ በግሪክኛ የማይሸነፈው የአሬስ፣ ማለትም የግሪኮች የጦርነት አምላክ፣ ልጅ ተብሎ ተጽፏል።