ስለ መረጃ ደኅንነት ጠይቁኝ፦ ቤት፣ ድርጅት፣ ባንክ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የባንክ መረጃ ደኅንነት ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ በስልካችሁ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትስጡ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ተጠልፎ ይሆን?
መልስ፦ ምን አይተህ ነው? ያላወረድከው መተግበሪያ? ያልላክኸው መልእክት? ምልክቱን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ጥያቄ፦ የትኛው ጸረ ቫይረስ ይሻላል?
መልስ፦ አፕዴት ማድረግ ይቅደም። እ.ኤ.አ. በ2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ፣ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ጥያቄ፦ ባንክን ያህል ነገር እንዴት በኮምፒውተር ይዘረፋል?
መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። የባንግላዴሽን ማዕከላዊ ባንክ እንውሰድ፣ እ.ኤ.አ. 2016። ሌቦቹ ኔትወርኩ ውስጥ ገብተው፣ በባንኩ ስም፣ ገንዘቡ ለተቀመጠበት ለኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ 35 የክፍያ ትእዛዝ በስዊፍት (ባንኮች የክፍያ መልእክት በሚለዋወጡበት መረብ) ላኩ። ድምሩ 951 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። አብዛኛው ታገደ። ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን የተያዘው «ፋውንዴሽን» የሚለው ቃል ፊደሉ ተሳስቶ ስለተጻፈ ነው። 81 ሚሊዮኑ ግን ፊሊፒንስ ገባ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ፕሪንተሩ ነው። የስዊፍት ዝውውሮችን እያተመ የሚያወጣው ፕሪንተር ዝም አለ። ሠራተኞቹ እንደ ወትሮው የተበላሸ መሰላቸው። ለካ ዝም ያሰኙት ሌቦቹ ናቸው። ቀኑንም አስበውበታል። ባንግላዴሽ ዓርብ ዕረፍት ነው፣ ኒውዮርክ ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ፊሊፒንስ በዓል ነበር። ቢሮ ውስጥ «ተበላሽቷል፣ ነገ ይታያል» ሲባል ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል።

ጥያቄ፦ የይለፍ ቃሎቼን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ችግር አለው?
ሌላ አባል፦ እንዴ! ቤት ስንት ሰው ይገባል ይወጣል!
ጠያቂው፦ ባሕር ማዶ ያለ ሌባ መሳቢያዬን ይከፍታል?
ሌላ አባል፦ የቤት ሌባስ?
መልስ፦ በቃ፣ እዚህ ላይ ይብቃን። ለሁሉም አካውንት አንድ ቃል ከመጠቀም ቤት የተቆለፈ ደብተር ይሻላል። የቢሮ ስክሪን ላይ መለጠፍ ግን በፍጹም።

ጥያቄ፦ ቤት ያለው ካሜራስ ያሰጋል?
መልስ፦ ከፋብሪካ የመጣበትን የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ቀይሪው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ ሚራይ የተባለው ቫይረስ እነዚያን ቃሎች እየሞከረ ነው የስንቱን ካሜራና ራውተር የወረሰው።

ጥያቄ፦ ዕቃ አቅራቢያችን የሒሳብ ቁጥሩን እንደቀየረ በኢሜይል ጻፈልን። እንክፈል?
መልስ፦ አትክፈሉ! መጀመሪያ ደውሉ። ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ድሮ በምታውቁት። ኢሜይሉ ከእውነተኛው አድራሻ ቢመጣም ደውሉ፤ አድራሻው ራሱ ተሰርቆ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ደዋዩ የእውነት የባንክ ሠራተኛ ከሆነስ? ያኔ ቁጥሩን ልስጥ?
መልስ፦ መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? ለማንም! የባንክ ሠራተኛ ያን ቁጥር አይጠይቅም። ዝጋና ካርድህ ጀርባ ባለው ስልክ ራስህ ደውል።

ጥያቄ፦ እኔ ትናንት ማታ ሰጥቻለሁ። ለልጆቼ መንገር አፍሬ ነው።
መልስ፦ እናቴ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ማታለል ነው። አሁኑኑ ባንክዎ ይደውሉና ሒሳቡን ያሳግዱ። ለልጆችዎ ከዚያ በኋላ ይነግሯቸዋል። ሲጨርሱ እዚህ ይጻፉልኝ፣ እጠብቃለሁ።